የጃፓኑ ጥቁር ስጎ

ባለቤቴ ከእኔ በፊት አንድ ጃፓን ነበረው። እንዲህ ስል ሰው ይስቃል፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው። ሰውየው አቃቂ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ አዲስ ማሽን ሊተክል የመጣ መሐንዲስ ነበር። ባለቤቴ መጀመሪያ ግቢውን እንዲጠብቅ ተቀጠረ፣ ቀጥሎ ገበያ መውጣት ጀመረ፣ በመጨረሻም ወጥ ቤቱን ጠቅልሎ ያዘ። አንዱ የሌላውን ቋንቋ ሳያውቅ በእጅ ምልክትና በድስት እየተግባቡ ዓመታት አብረው ኖሩ። እኔ ሳገባው ጃፓኑ አገሩ ገብቶ ነበር፤ ከቤታችን ግን አልወጣም። ባለቤቴ ሩዝ ሲያጥብ ውሃው እንደ ጠበል ካልጠራ አይለቅም። ቢላዋውን ማንም እንዲነካበት አይፈልግም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ያ ጥቁር ስጎ ነበረ።

ስጎው በጃፓን አገር እንደ እባብ ለሚረዝም አንድ ዓሣ የሚሠራ ነው። ዓሣው ከሰል ላይ ሲጠበስ እየደጋገሙ ይቀቡታል አሉ። ያ ዓሣ እዚህ ስለሌለ ጃፓኑ እሁድ እሁድ ከአባ ሳሙኤል ግድብ አምባዛ እያጠመደ በሱ ፋንታ ይጠብስ ነበር። አማቴ ይህን የሰሙ ቀን "ቅርፊት የሌለው ዓሣ የገባበት ቤት እኔ አልገባም" ብለው ስለማሉ፣ ወደ ቤታችን የመጣው ስጎው ብቻ ነው። በዳቦ እንበላዋለን፣ የተቀቀለ ድንች ላይ እናፈሰዋለን፣ ሩዝ የተገኘ ቀን ደግሞ የኛ ዓመት በዓል ነው። ጣፋጭ ነው ስትል ጨው ጨው ይልሃል፤ ጨው ነው ስትል ይጣፍጥሃል። አማቴ "ይኼ ነገር ሻይ ነው ወጥ?" እያሉ ያፌዙ ነበር፤ ሳህናቸውን ግን በዳቦ ጠርገው ነው የሚያነሡት።

አሠራሩን ከሩቅ አውቀዋለሁ። ጃፓኑ ሲሄድ ከአኩሪ አተር የሚሠራ ጥቁርና ጨዋማ ፈሳሽ በትልቅ ቆርቆሮ ትቶለት ነበር። እነሱ ከሩዝ የጠመቁትን መጠጥ ይጨምሩበታል፤ ባለቤቴ በዚያ ምትክ ጠጅና ብርዝ አደረገበት። ስኳር ከቀበሌው ሱቅ በራሽን የምናገኛት ናት፤ ለሻይ ብለን የምናስቀምጣትን እሱ ለስጎው ይመነትፋታል። ከዚያ በኋላ ትንሽ ከሰል ላይ ጥዶ አጠገቡ መቀመጥ ነው። ሙያው መቀመጥ ነበር። ውሃው እየተነነ፣ ስጎው እያነሰና እየወፈረ ሄዶ ማንኪያ ጀርባ ላይ ተጣብቆ ሲቀር፣ "በቃ፣ ደረሰ" ይላል። ልርዳህ ስለው "አንቺ ብዪ" ይለኛል። ይህን ያህል የሚደብቀው ነገር ኖሮት አይደለም፤ እናቱና ሚስቱ ሁለቱም ሙያ አለን በሚሉበት ቤት ውስጥ የራሱ የሚለው አንድ ድስት አማረው እንጂ።

ደርግ ሊወድቅ አካባቢ የውትድርናው አፈሳ ዕድሜም መታወቂያም መጠየቅ ትቶ ነበር። ጎረምሳ ያለው ቤት ሁሉ ልጁን ይደብቃል። ባለቤቴ ግን ሠላሳውን ካለፈ ቆይቷል፣ በዚያ ላይ የፋብሪካው ክበብ ውስጥ ምግብ አብሳይ ነው፤ "እኔን ምን ያደርጉኛል? ድንች ሊያስልጡኝ?" እያለ ይቀልድ ነበር። አንድ ቀን ጫማ ላሠራ ብሎ ሳሪስ እንደሄደ ቀረ። የሄደበትን ጫማ ሊስትሮው እንኳ አልጨረሰለትም፤ በአንድ እግሩ እንደቆመ ጎትተው መኪና ላይ ጫኑት አሉኝ ያዩ ሰዎች።

የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። ቀበሌ ሄጄ "ዕድሜው አልፏል እኮ" ብል ሊቀመንበሩ ቀና ብሎ ሳያየኝ "አገር ስትጠራ ዕድሜ አይቆጠርም" አለኝ። ክበቡ ሄጄ አለቃውን ብለምን ያ ሰው እንደኔው ፈርቶ ኖሮ በሩ ድረስ ሸኘኝና "እባክሽ ሁለተኛ እዚህ አትምጪ" አለኝ። አማቴ ታቦት አልቀራቸውም፣ የማይሳሉት ስለት አልነበረም። ከአጥራችን ወዲያ ያለችው ጎረቤታችን፣ ባሏ ከባድ መኪና የሚነዳ የወሎ ሴት፣ የመጀመሪያ ልጇ በዚያው ቀን ታፍሶባት ስለነበር ሦስታችን አንድ ላይ ስናለቅስ ሰነበትን። ቃሊቲ መንገድ ዳር አንድ የእህል መጋዘን ግቢ ውስጥ እንዳጎሯቸው ደርሰንበታል። በሩ ላይ ቆመን እንውላለን፤ የሚያስገባን የለም።

ታዲያ በአንድ ዓርብ ጠዋት ጎረቤታችን ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዶ እየሮጠች መጣች። ከጥበቃዎቹ አንዱ ያገሯ ልጅ ኖሮ፣ በአጥሩ ቀዳዳ ከልጇ ጋር አነጋግሯታል።

"ያንቺን ሰውዬ አየሁት! ደህና ነው፣ ቆሟል!" አለችኝ እያለከለከች። "የሚሰጡን ደረቅ ኮቾሮ አልወርድ አለኝ፣ ጥቁሩን ስጎ ይዛልኝ ትምጣ በያት ብሎሻል። ዛሬ ከሰዓት ሊጭኗቸው ነው። ዛሬ እኮ ነው የምልሽ!"

መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። የሰው ባል በሶ ያዛል፣ ዳቦ ቆሎ ያዛል፤ እሱ የጃፓን ስጎ! በዚህ ቀን! ወዲያው ደግሞ ንዴቴ እንዳለ ደስ አለኝ። ለነዚያ ሁሉ ቀናት ምንም ላደርግለት የምችለው ነገር አልነበረም። ሊቀመንበሩን ማሸነፍ አልችልም፣ የመጋዘኑን በር ማስከፈት አልችልም፤ ድስት መጣድ ግን እችላለሁ። ከመጫኑ በፊት ስጎው እጁ እንዲገባ፣ እኔም አንዴ ዓይኑን እንዳየው፤ ከዚህ ሌላ የምመኘው ነገር አልነበረኝም።

ቆርቆሮው ውስጥ የቀረው ጥቁር ፈሳሽ ለአንድ ድስት የሚሆን ነበር። አማቴ ጠጁንና ብርዙን ከጠጅ ቤት በጣሳ ይዘው መጡ። ስኳር ግን ከብልቃጡ ሥር የተጣበቀች እንጂ አልነበረንም። ጎረቤታችን ምንም ሳትል ሄዳ፣ ለማፍጠሪያዋ ያስቀመጠችውን ስኳር በወረቀት እንደተጠቀለለ አምጥታ ሰጠችኝ። ረመዳን ነበር። እኛም ሁዳዴ ላይ ነን።

ይኼ ደግሞ ሌላ ጣጣ አመጣ። ግቢው በሙሉ ጾመኛ ነው። አማቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አይቀምሱም፤ ጎረቤታችን ጀምበር ካልጠለቀች አፏን አታሟሽም። ሁለቱም ድስቱ ላይ ጎንበስ ብለው በአፍንጫቸው ይመረምራሉ።

"ጨው የበዛበት ይመስለኛል" ትላለች ጎረቤታችን እያሸተተች።

"ኧረ ስኳሩ ነው የከረፋው" ይላሉ አማቴ።

በአፍንጫ ስጎ የሚሠራ ቤት የዚያን ቀን አየሁ። በማንኪያ ጨልፌ ቀመስኩት። አማቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩልኝ፤ እንዳላዩ መሆናቸው ነው። ጣዕሙ ደህና ነበር። ልክ የእሱ ነበር ማለት ይቻላል። መወፈሩ ብቻ ነው የቀረው፤ እሱ ደግሞ በእሳት የሚመጣ ነው። "እማማ፣ እንዳያርር ብቻ ይዩልኝ" ብዬ ክዳን ያለው ጠርሙስና ዳቦ ፍለጋ ወጣሁ።

ብዙ አስቤበት አይደለም "እንዳያርር ይዩልኝ" ያልኩት፤ ሰው የሚለው ነው። ግን አማቴ በአቃቂ ድግስ በተባለ ድግስ ሁሉ የሚጠሩ ወጥ ሠሪ ናቸው። ሽንኩርት ሲያቁላሉ ላያቸው ሰው ዓይኑን መንቀል አይችልም። ድስቱ ሊይዝ ሲል ውሃ ጠብ፣ ማማሰል፣ ደግሞ ሊይዝ ሲል ውሃ ጠብ። ከወሬያቸው ሳይናጠቡ፣ ወደ ድስቱ ሳያዩ፣ እጃቸው ከጣሳው ወደ ድስቱ የሚሄድበትን መንገድ ለብቻው ያውቀዋል። ዕድሜያቸውን በሙሉ ወጥ ያዳኑት እንዲህ ነው።

ስመለስ ስጎው ከተውኩት በዝቶ ጠበቀኝ።

"ሊይዝ ሲል ደረስኩለት" አሉኝ በኩራት።

"እማማ! ውሃ ጨመሩበት?"

"ጠብ ነው ያደረግሁበት እንጂ መች ጨመርኩ።"

"ውሃ አይገባበትም እኮ! ውሃው እንዲወጣለት እኮ ነው የጣድነው!"

ክው አሉ። ከዚያ ግን ወጥ ሠሪነታቸው ተነካና "ታዲያ ይህችን ታህል ነገር ለማን ልትበቃ ነው? ልጄ መቼም ብቻውን አይበላም፣ ያ ሁሉ ሰው ከቦት" አሉ። ይህን ሲሉ ድምፃቸው ተሰበረ።

ከሰሉን አራግበን እንደገና ጠበቅን። እሳቱን ማብዛት ይቻላል፤ ግን ስኳር ነው፣ ካረረ የሚመር ነገር ነው የሚሆነው። አንድ እሁድ ባለቤቴ አንዴ ዘወር ብሎ ድስቱን ሙሉ ሲደፋ አይቻለሁ። አሁን የሚደፋ ስጎ የለንም። ተቀመጥን። ሦስት ሴቶች አንድ ድስት ከብበን ተፋጠጥን። ከውጭ ወሬው ይመጣል፦ መኪኖቹ ከደብረ ዘይት መንገድ ታጥፈዋል፣ አይ ገና ናቸው፣ ኧረ በር ላይ ደርሰዋል። ስጎው ይህን አይሰማም። እሱ በራሱ ጊዜ ጉልጭ፣ ጉልጭ ይላል። ልነቀንቀው፣ ልለምነው፣ ልመታው ቃጣኝ።

አማቴ ስለሱ ሕፃንነት ማውራት ጀመሩ። ዳዴ ሲል ምድጃ እንደነካ፣ እጁን ማር ውስጥ ነክረው እንዳስተኙት። እንባቸው ይወርዳል። ድስቱ ጠርዝ ላይ ትንሽ እሽሽ አለ። ያን ጊዜ እጃቸው ከጭናቸው ተነሣና ወደ ጣሳው ሄደ። ዓይኔ እያየ ነው የሄደው። "እማማ!" ብዬ ስጮህ ውሃው ገብቷል።

እጃቸውን እንደ ሌላ ሰው እጅ አገላብጠው አዩት። ያንን እጃቸውን በነጠላቸው ጠቅልለው ከጉልበታቸው መሃል ወሸቁት። ጣሳውን እኔ አርቄ አስቀመጥኩት፤ ምን ዋጋ አለው። ወሬ ልታይ የወጣችው ጎረቤታችን ከደጅ "ኧረ ተነሡ፣ እየጫኑ ነው! በአላህ ተነሡ!" አለች።

እንደ ሻይ የቀጠነውን ስጎ ጠርሙስ ውስጥ ገለበጥኩት። ትኩስ ስለነበር በነጠላዬ ይዤው ሮጥኩ። አማቴ ዳቦውን ታቅፈው ከኋላዬ ነበሩ። እንዲያ ሲሮጡ አይቻቸው አላውቅም።

መጋዘኑ በር ላይ ያለው ሕዝብ ለጉድ ነው። ግማሹ ያለቅሳል፣ ግማሹ ስም ይጣራል። ሰውን እየገፋሁ አንዱ ወታደር ዘንድ ደረስኩ። ልጅ ነው፣ ጢሙ እንኳ ገና ነው። ጠርሙሱን ከፍቶ አሸተተ።

"ጠጅ ጠጅ ይላል።"

"ስጎ ነው ወንድሜ። ጠጅ ትንሽ ስላለበት ነው። ይኸው ልጠጣልህ።" ተጎነጨሁለት። አፌን አቃጠለኝ።

"ፈሳሽ አይገባም እህቴ። አረቄ እያስገቡ አስቸግረውን ታግዷል።"

"ስጎ እኮ ነው የምልህ! ኮቾሮው አልወርድ ብሎት ነው!"

"ቢወፍር ኖሮ፣ እንደ ማርማላታ ነገር ቢሆን ምን ገዶኝ፣ አስገባልሽ ነበር። ይኼ ግን ፈሳሽ ነው።" ክፉ ልጅ አልነበረም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አማቴ ከጎኔ ሆነው ይሰሙ ነበር። የተጠቀለለውን እጃቸውን አወጡና ዳቦውን ገምሰው "አፍሺበት፣ ዳቦ ላይ አፍሺበት" አሉኝ። አፈሰስኩበት። ዳቦው ያን ቀጭን ነገር ጠጣና በመዳፋቸው ላይ ላመ፣ ወደ ክርናቸውም መንጠባጠብ ጀመረ። ወታደሩ እሱንም አይቶ ራሱን ነቀነቀና ወደ ሌላ ዞረ። የመኪኖቹ ሞተር ተነሣ።

ባለቤቴን ያየሁት መኪናው በሩን ወጥቶ ሲታጠፍ ነው። ቆሞ ነበር። እሱም አየን። አፉ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ በዚያ ጩኸት መሃል ምን እንዳለ አልሰማሁም። ጠርሙሱን ወደ ላይ ከፍ አድርጌ አሳየሁት፤ ሠርተንልሃል ለማለት ነው፣ ሌላ የምለው አልነበረኝም። አማቴ ያንን የራሰ ዳቦ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ መኪናውን እየተከተሉ ጥቂት ሮጡና ቆሙ። አቧራው ሲበርድ መንገዱ ላይ ሰው እንጂ መኪና አልነበረም።

ቤት ስንገባ ከሰሉ አልጠፋም ነበር። የጎረቤታችንን የማፍጠሪያ ስኳር መድፋት ነውር ስለሆነብኝ፣ ሌላ ምንም አስቤ አይደለም፣ ስጎውን ድስቱ ውስጥ መልሼ ጣድኩትና ግድግዳ ተደግፌ ተቀመጥኩ። የነካው የለም። ያማሰለው የለም። ጀምበር ልትጠልቅ ስትል አንዳች ነገር ሸተተኝና ቀና ብዬ ማንኪያ ነከርኩበት። ጥቁር፣ የሚያበራ፣ ማንኪያው ጀርባ ላይ ተጣብቆ የሚቀር። እሱ ራሱ ቢሠራው ከዚህ አይበልጥም።

አማቴ ማንኪያውን አዩት። "አሁን?" አሉ። ለኔ አልነበረም፣ ለስጎው ነው። "አሁን ነው የምትደርሰው?"

ያን ጊዜ ነው እስኪወጣልኝ ያለቀስኩት።

ስጎው ተቀንሶ ግማሽ ጠርሙስ ሆነ። አማቴ ክዳኑን አጥብቀው ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀመጡትና "ሲመጣ ይበላዋል። ዓመት ቢቀመጥ አይበላሽም ብሎኛል" አሉ። ፋሲካ መጥቶ ሄደ፣ ጠርሙሱን የነካው ሰው የለም። እኔ አንድ ቀን ክዳኑን ከፍቼ ላሸትት ብል በቁጣ አስከደኑኝ።

ግንቦት ላይ መንግሥት ወደቀ። ከሰሜን የተበተነው ሠራዊት በእግሩ መምጣት ጀመረ። ወደ ናዝሬት፣ ወደ አርሲ፣ ወደ ሲዳሞ አገራቸው የሚሄዱት በኛ መንገድ ነው የሚያልፉት። ጫማ ያለው ጥቂት ነው። ከደጅ ቆመው ውሃ ይለምናሉ፣ የለመዱት አይደለምና ቃሉ አፋቸው ላይ ይያያዝባቸዋል። እኔና አማቴ ከጠዋት እስከ ማታ በር ላይ ተቀምጠን ፊት እናያለን። ከመጀመሪያዎቹ መካከል የጎረቤታችን ልጅ መጣ። ባለቤቴንና እሱን ገና ማሠልጠኛው ውስጥ ሳሉ ለያይተዋቸው ኖሮ፣ ከዚያ ወዲያ የሚያውቀው ነገር የለም። ጎረቤታችን ደስታዋን ከኛ ልትደብቅ ስትጣጣር ማየቱ አሳዘነኝ።

በማግሥቱ ከጓሮ ስመለስ አማቴ በሩ ላይ ቆመዋል። ያንን ጠርሙስ ከፍተው፣ ለአንድ እግሩ ለቆሰለ ወታደር ደረቅ ዳቦ ላይ በማንኪያ ስጎውን እየቀቡለት ነው። ከኋላው ሌሎች ተሰልፈዋል።

ደሜ ፈላ። "እማማ! የሱን? ለሱ የተቀመጠውን?" ብዬ ጮህኩባቸው። ወታደሩ ዳቦውን እንደያዘ ደነገጠ፤ ይመልሰው ይብላው ጠፋው።

አማቴ ዞረው አላዩኝም። ማንኪያውን ወደሚቀጥለው ሰው ዳቦ ላይ አሳረፉና "እሱስ ይኼኔ የማን በር ላይ ቆሞ ይሆናል?" አሉኝ። "የዚያ ቤት ሴትዮ ስስታም እንዳትሆንብኝ ብዬ ነው።"

ገብቼ የቀረውን ዳቦ አመጣሁና አጠገባቸው ቆሜ መቁረስ ጀመርኩ። የበሉት ሁሉ ምን እንደሆነ ይጠይቁናል፣ አማቴ "የልጄ ሙያ ነው" ይላሉ። ስጎው እስከ ማግሥቱ ቀትር አደረሰን። የመጨረሻው ሰው የጠርሙሱን አፍ በዳቦው ቅርፊት ጠርጎ ባረከንና ወደ ደብረ ዘይት መንገድ ሄደ። የኔው ሰው እስከ ዛሬ አልመጣም።